የጓሮው በር

ጌታነህ ግንበኞቹን በጠዋት ያስጠራቸው ቀያሿ ሳትመጣ የቤተ ክርስቲያኑ የጓሮ በር እንዲደፈን ነበር። ከማዘጋጃ ቤት የተላከችው ቀያሽ ዮዲ ግን ቀድማ ደረሰች። በሩ እስከ ጉልበት በድንጋይ ተደፍኗል፤ ከላይ ግን ገና ክፍት ነው። ከወዲያ ማዶ ጎረቤቲቱ አሚና ቢጫ ጄሪካኗን ይዛ ቆማለች።

ሽማግሌው እንደሻው ከግንበኞቹ አጠገብ ቆሞ ያያል። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ጌታነህ ትናንት ቤቱ ድረስ መጥቶ ነግሮታል። ቤተ ክርስቲያኑ የይዞታ ካርታ የሚሰጠው ግቢው ክርክር የሌለበት መሆኑን አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ሲመሰክር ነው። «የቀያሿ ጥያቄ አጭር ነው ጋሼ፤ መልስዎም አጭር ይሁን» ብሎት ነበር የሄደው።

«ይህ በር የምን ነው?» አለች ዮዲ።

«በር አይደለም» አለ ጌታነህ። «ግንቡ አርጅቶ የፈረሰ ቀዳዳ ነው። እያስጠገንነው ነው።»

«አቦ! ቀዳዳ መዝጊያ አለው እንዴ?» አለች አሚና፣ ተነቅሎ የተጋደመውን ሳንቃ እያሳየች።

ከግንበኞቹ አንዱ ሳቁን ዋጠ። ጌታነህ ወደ እንደሻው ዞረ። «ታሪኩን እሳቸው ያውቃሉ። ይጠይቋቸው።»

እንደሻው ታሪኩን ከአያቱ ሰምቷል። አያቱ ከሸዋ በወታደርነት መጥተው ኤረር በር አጠገብ ከሰፈሩት አንዱ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑን ሊሠሩ ሲነሡ ለጭቃው የሚሆን ውሃ ያጣሉ። በአቅራቢያው የነበረው ውሃ የአሚና አያት ያስቆፈሩት ጉድጓድ ብቻ ነው። ሰውየው «ቅዱ፣ ጉድጓዱም ግቢያችሁ ውስጥ ይግባ፤ ብቻ ቤተሰቤ ከውሃው አይከልከል» አሉ። በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ካህናት ሁሉ በደብሩ ትልቅ በዓል እንኳ ቀርቅረውት አያውቁም። ዛሬ ደግሞ የቧንቧ ውሃ በጀጎል ውስጥ ከጠፋ ሰንብቷል።

«አባቴ፣ ጉድጓዱ የማን ነው?» አለች ዮዲ፣ ግቢው ውስጥ ወዳለው ጉድጓድ እያመለከተች።

ጌታነህ ወደ እንደሻው ጆሮ ተጠጋ። «ካርታውን ካስከለከሉን ሰው በምን ዓይን እንደሚያይዎት ያስቡ።»

እንደሻው የሚስቱን መቃብር አየ፤ ከግንቡ ሥር ነው። የእሱም ቦታ እዚያው ጎን ነው። አሚና ዓይኗን ተከለችበት።

«ያስቆፈሩት የእሷ አያት ናቸው» አለ፤ ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። «የዚህ ቤተ ክርስቲያን ጭቃ የተቦካው በዚያ ውሃ ነው። በሩን የከፈቱት የእኛ አባቶች ናቸው፤ አንዘጋውም ብለው ቃል ገብተዋል።»

ዮዲ የመለኪያ መሣሪያዋን አጣጠፈች። «እንግዲህ ነገሩ እስኪጣራ ካርታ የለም። በሩም እንዳይነካ።»

«ይህን ያህል ዘመን የኖረ ደብር ያለ ካርታ አስቀሩት! ደስ ይበልዎት!» ብሎ ጌታነህ እንደሻው ላይ ጮኸና እየተመናጨቀ ዮዲን ተከተላት። ግንበኞቹም መሣሪያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ዳር ቆማ ስትሰማ የነበረችው፣ ከእንደሻው ጋር ዘመኗን ሙሉ ማኅበር የጠጣችው ብርነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ በአጠገቡ አለፈች። ሰላም አላለችውም።

አሚና በተደረደረው ድንጋይ ላይ ልትሻገር እግሯን አንሥታ አቃታት። እንደሻው ጎንበስ ብሎ የላይኛውን ድንጋይ አወረደ።

«ተው፣ ወገብህን!» አለች። «ወላሂ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ጠላህ።»

«አየሁ።»

«ታዲያ እሑድ ለቅዳሴ ልትመጣ ነው?»

«የት እሄዳለሁ?» አለና ሁለተኛውን ድንጋይ ያዘ።