ባሩድ ያልጎረሰችው ጥይት

አርዲስ ኮቫሪክ ጥይት ስትሞላ አይናገሯትም። ቄስ መሥዋዕት ላይ ቆሞ "እንደምን አደሩ፣ ከብቶቹስ ደኅና ናቸው?" ይባላል? አይባልም። እሷም ጋራዧ ውስጥ ከማሽኑ ፊት ስትቀመጥ እንደዚያው ናት። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ፖስተኛው እንኳ ሣጥኗን ከፍቶ ቀስ አድርጎ ነው የሚዘጋው። እያወቀች የማትሰማው አንዲት ብቻ ናት፤ የሟች ባሏ እህት በርናዲን።

የተተኮሰ ቀለህ መልሶ ጥይት የሚያደርገው ማሽን የባሏ ነበር። ሰውየው ሲሞት ትራክተሩን ልጇ ጋለን ወሰደ፣ ውሻውን ጎረቤት ወሰደ። ማሽኑ ላይ ሲደርሱ ግን አርዲስ በሩ ላይ ቆማ፣ "ይህን የሚነካ ካለ ጓንቱን ያውልቅና ይምጣ፤ ጣቶቹን ስቆርጥ ጓንቱ እንዳይበላሽ" አለች። ማንም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡን ጥይት የምትሞላው እሷ ናት። የቤቷን ሌላ ሥራ ብትጠይቋት ትረሳዋለች፣ ይህን ግን እጇ ራሱ ያውቀዋል።

እጀታው አንዴ ሲሳብ ዟሪው ሳህን ላይ የተሰደሩት ቀለሆች ሁሉ እኩል ይሠራሉ። አንዱ ቀለህ ከሥሩ የተቃጠለች እሳት መጫሪያ ቆቡን ይተፋና አዲስ ይለብሳል፣ ሁለተኛው ባሩድ ይጎርሳል፣ ቀጣዩ አረር ይደፋበታል፣ የመጨረሻው አንገቱ ይጠብቃል። ከዚያ ሳህኑን በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ ነው፤ ያለቀው ጥይት ቋ ብሎ ሣጥን ውስጥ ይወድቃል። አዲሶቹ ማሽኖች ራሳቸው ይዞራሉ። አርዲስ ግን "ራሱ የሚያስብ ዕቃ ቤቴ አይገባም፤ የሚያስብ ባል ነበረኝ፣ በቃኝ" ባይ ናት።

ችግሩ የመጣው ከጋለን ነው። የዓይኗን ሞራ ካስገፈፈች በኋላ አንድ ቀን የድንች ድስት አሳረረች፤ ልጁም ጭሱን በእጁ እያራገበ፣ "እማ፣ ድስት ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ጥይት ላይ ግን ዝም አልልም። አንዲት የተበላሸች ካየሁ፣ ማሽኑን ፈትቼ ቤቴ ነው የምወስደው" አለ።

"ስትፈታው እኔንም አብረህ ፍታኝ" አለችው። ሳቁባት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ያ ማሽን ከሄደ ጠዋት የምትነሳበት ምክንያት እንደሌላት ታውቃለችና።

እንግዲህ ጋለን በሽጉጥ የብረት ሳህን የሚመታበት ውድድር ቀን ጠዋት፣ አርዲስ የጋለንን ጥይት ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት፣ በርናዲን ኮላቼ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ በትሪ ተሸክማ በጓሮ በር ገባች።

"አልናገርም" አለች በርናዲን።

"ተናገርሽ እኮ።"

"አልናገርም ለማለት ነው የተናገርኩት። አንቺ ሥሪ፣ እኔ ለግድግዳው ነው የማወራው።" ወደ ግድግዳው ዞረች። "የእሳት አደጋው አለቃ ጸጉር የተገዛ ነው ብዬህ አልነበር፣ አንተ ግድግዳ?"

አርዲስ እጀታውን ሳበች። ገፋች። ሳበች።

"ትናንት ቢንጎ ላይ ሙቀት ነው ተብሎ ያን ትልቁን ማራገቢያ ከፈቱት። ጸጉሩ ብድግ። በሰው ራስ ላይ በረረ በረረና፣ የሎሬታ የድንች ሰላጣ ውስጥ ዘጭ።"

አርዲስ ከንፈሯን ነከሰች።

"ሎሬታ ደግሞ አይጥ መስሏት በጭልፋ ትቀጠቅጠዋለች። ሰውየው መላጣውን በባርኔጣ ሸፍኖ፣ 'እመቤቴ፣ ቀስ፣ እባክሽ ቀስ' እያለ ይለምናታል። እሷ፣ 'ዞር በሉ፣ ገና አልሞተም' ትላለች።"

እዚህ ላይ አርዲስ አበቃላት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ ጉንጯን ሞላው፣ መነጽሯ ጉም ለበሰ። በርናዲንም ስትስቅ ለመደገፍ ብላ ሣጥኑ ውስጥ እጇን ከተተች፣ ያለቁትንም ጥይቶች እንደ ባቄላ አማሰለቻቸው። የአርዲስ እጅ በዚህ ሁሉ መሐል አላረፈም፤ ይስባል፣ ይገፋል፣ ይስባል፣ ይገፋል።

ድንገት ቆመ።

"በርናዲን። ያን ጊዜ ስቤ ነው የገፋሁት ወይስ ሳልስብ?"

"የቱን ጊዜ?"

"ጭልፋው ላይ።"

"እኔ ምኑን አውቄ፣ ግድግዳውን ነበር የማየው።"

እጀታው ሳይሳብ ሳህኑ ከዞረ አንዷ ቀለህ ባሩድ ሳትጎርስ አልፋለች ማለት ነው። እንዲህ ያለች ጥይት ስትተኮስ አትጮህም፤ ጢሽ ትልና አረሯ የሽጉጡ ቧንቧ ውስጥ ትቀረቀራለች። ተኳሹ ነገሩን ሳያውቅ ደግሞ ሲተኩስ ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳል። ተኳሹ ደግሞ ጋለን ነው።

ሳህኑ ላይ አፋቸውን የከፈቱትን አጎንብሳ አየች፤ ባሩዳቸው አለ። እንግዲያው ጉደኛዋ ከክምሩ ውስጥ ናት፤ ክምሩ ደግሞ ተማስሏል።

"በሚዛን እንያት" አለች በርናዲን።

"ቀለሁ ራሱ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ነው፣ ሚዛን ይዋሻል።"

"ዝም ብንልስ?"

አርዲስ ቀና ብላ አየቻት። በርናዲን ፎጣ አንስታ ማሽኑ ላይ ጣለች። "እሺ፣ እሺ። ማሽኑም እንዳይሰማን። መዶሻው የት አለ?"

ማውለቂያ መዶሻው ሆዱ ባዶ ነው፤ ጥይቷን ጎርሶ ግንድ ላይ ሲመታ አረሯ ወልቃ ባሩዷ ይፈስሳል። መዶሻዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የባሏ ነበር፣ ሌላው የባሏ አባት። ሁለቱ ሴቶች ማገዶ መፍለጫውን ግንድ ወጥ ቤት ድረስ አንከባልለው አስገቡና ቀጠቀጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ተናደዱ፣ ቀጥሎ ደከማቸው፣ ቀጥሎ አንዷ ስትመታ ሌላዋ እየተቀበለች ምቱ የፖልካ ጭፈራ ሆነ። በርናዲን በእግሯ ታጅባለች። በየምቱ መሐል፣ "ገና አልሞተም!" ትላለች፣ አርዲስም መዶሻውን ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። አረሩ ከምድጃው ሥር ተንከባለለ። ባሩዱ ሳህን ሙሉ ሆነ፤ አጠገቡ ኮላቼው ላይ የሚነሰነሰው ፓፒ የተባለ ደቃቅ ፍሬ ተቀምጧል፣ ጥቁር በጥቁር።

"የቱ ነው የሚበላው?" አለች በርናዲን።

"ብዪና ስትፈነጂ እናውቃለን።"

የመጨረሻዋን ሲያወልቁ ባሩዷ ፈሰሰ። ሁሉም ጎርሰዋል። ባዶ የለም።

ልክ ያን ጊዜ ጋለን በሩን ከፍቶ ገባ። አረር ረገጠና ተንሸራተተ፣ ማቀዝቀዣውን ይዞ ቆመ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እናትህ ባሩድ ልትቀይር ፈልጋ ነው" አለች በርናዲን ቶሎ።

"አፍሽን ያዢ፣ በርናዲን። ለልጄ መዋሸት ካስፈለገ እኔው እዋሻለሁ" አለች አርዲስ። ከዚያ እንደሆነው ነገረችው። ሳቋንም፣ እጇንም፣ አለማወቋንም።

ጋለን ሣጥኑን አየ። "ሁሉንም ፈታችሁ? ባዶም አልተገኘም?"

"አልተገኘም።"

"እማ፣ እሱማ ይብሳል። ያልነበረ ነገር ነው የታየሽ።" ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ አርዲስን ያስፈራት ይኸው ነው። መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ጋራዡ ሄደ። ፎጣውን ገፈፈ። አንዱን ብሎን ፈታ፣ ሁለተኛውን ላላ አደረገ።

አርዲስ ከኋላው ቆማ ጠረጴዛዋን እያየች ነበር። ዓይኗ ሳህኑ ላይ አረፈ። የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ አንዲት ጥይት ቆማለች፤ አረሯን ደፍታ፣ አንገቷ ጠብቆ፣ ለመውደቅ አንድ ግፊት ብቻ ቀርቷት። አፏ ስለተዘጋ ማንም አላያትም።

"እጀታውን እንዳትነካ" አለች አርዲስ።

አወጣቻት። ወጥ ቤት ይዛት ሄደች፣ መዶሻው ሆድ ውስጥ ከትታ ግንዱ ላይ ራሷ መታቻት። አረሯ ወለቀች። ቀለሁን ገልብጣ መዳፏ ላይ አራገፈችው። ምንም። ብናኝ እንኳ የለም።

አርዲስ ወገቧን ይዛ ዞረች፤ በርናዲን ትከሻዋን ያዘቻት፤ ሁለቱ አሮጊቶች በአረሩ መሐል እየተንሸራተቱ ሲጨፍሩ ተከትሏቸው የመጣው ጋለን መፍቻውን ይዞ ያያል።

"ተሳስተሽ እኮ ነው" አለ። "የምትጨፍሪው ለምንድን ነው?"

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አለች አርዲስ እያለከለከች። "መሳሳቴንም ያወቅኩት እኔ ነኝ። ያልነበረ ነገር አልታየኝም፣ ነበረች። አንተ ብትሆን ሣጥኑን ትከድንና ወደ ውድድርህ ትነዳ ነበር።"

ጋለን ባዶውን ቀለህ ተቀበላት። ወደ ብርሃን አንስቶ ውስጡን አየ፣ ከዚያ የቀኝ እጁን ጣቶች አየ፣ ሁሉም አሉ።

ከዚያ ጋራዡ ተመልሶ፣ ተንበርክኮ የፈታውን ብሎን መለሰ።

"ያንን ያላላኸውንም" አለች አርዲስ። "አጥብቀው እንጂ፣ ቁርስ አልበላህም?"