የኮፍያው ልክ

ልጄ ኤደን ያለ ወሯ ወለደች። ከምታስተምርበት ከአበርገሌ ልትወልድ ወደ እኔ ስትመጣ ምጡ መንገድ ላይ ጀመራት፤ እኔ ዘንድ ሰቆጣ ደርሳ ሆስፒታል እንደገባን ሕፃኗ መጣች። ሴት ናት። ራሷ ከብርቱካን አይበልጥም። ሳያት ያሰብኩትን ለማንም አልተናገርኩም።

ከጎንደር ተመድባ የመጣችው ወጣት ነርስ፣ ሲስተር ሰርክአዲስ፣ ሕፃኗን በእናቷ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኝታ ሁለቱንም በጋቢ ሸፈነቻቸው።

«ኮፍያ አመጡላት እማማ? እንዲህ ያሉ ልጆች ሙቀታቸው የሚያልቀው በጭንቅላታቸው በኩል ነው» አለችኝ።

ኮፍያ አልነበራትም። ምንም አልነበራትም። በእኛ ቤት ገና በሆድ ላለ ልጅ ልብስ አይዘጋጅም። እናቴ ለእኔ አላዘጋጀችም፣ እኔም ለኤደን አላዘጋጀሁም። ኤደን በስልክ «እማዬ፣ አንቺ ዳንቴል ሠሪ ሆነሽ አንዲት ካልሲ እንኳ?» ስትለኝ «በሰላም ተገላገይ፣ ከዚያ ይደርሳል» እላት ነበር።

የሕፃኗን ራስ በሻሽ ጠቅልለን ወደ አመተ ሥላሴ ሱቅ ሮጥኩ። አመተ ሥላሴ አብራኝ የተማረች፣ ከገበያው በላይ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ ሴት ናት። ጉዳዬን ስነግራት ሁለት ክር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። አንደኛው የጠረጴዛ ልብስ የምንሠራበት ነጭ የጥጥ ክር ነው፤ ቀጭን፣ ጠንካራ። ሁለተኛው ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ሲለቁት የሚመለስ ለስላሳ ቢጫ ሱፍ።

«ለሕፃን ይሄ ነው» አለች ቢጫውን ጉንጬ ላይ እያሻሸች። «በወፍራም ኪሮሽ፣ ላላ አድርገሽ። ሙቀት ይይዛል፣ ራሷ ሲያድግም አብሮ ይሰፋል።»

«ነጩን ስጪኝ።»

«ነጩን? ቴሌቪዥን ልታለብሺ ነው?»

አልሳቅኩም። እሷም ሳቋን ዋጠችው።

«እሺ፣ ለስንት ወር እንዲሆናት ነው?»

«ለዛሬ።»

«አንቺ ብርሃነሽ! ለዛሬ ብሎ ኮፍያ አለ? ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ስንት ታድጋለች።»

«ብታያት እንዲህ አትይም ነበር።»

ነጩን ሰጠችኝ። ከዚያ ቢጫውን ክርና አንድ ወፍራም ኪሮሽ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። «ካልፈለግሽው ትመልሺዋለሽ» አለች።

ነጩን ለምን እንደፈለግኩ አውቄዋለሁ። ነጭ ለክርስትናም ይሆናል፣ ለመቃብርም ይሆናል።

ከክፍሉ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ ከተማሪነቴ ጀምሮ በያዝኩት ቀጭን ኪሮሽ ጀመርኩ። በቀጭን ኪሮሽ ሲሠሩ ዐይኖቹ ይጠጋጋሉ፣ ብርድ አያስገቡም ብዬ ነው። ልኩን ከብርቱካኗ ራስ ወሰድኩ። አንድም ዙር አልጨመርኩም። ሲጨንቀኝ ደግሞ እጄ ክሩን ያጠብቃል፤ በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህሯ «ብርሃነሽ፣ ክሩ ጠላትሽ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር። ሕመምተኛ ባለፈ ቁጥር ሳብኩ። ከውስጥ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ሳብኩ። የእኛዋ የማልቀስ አቅም አልነበራትም።

ሲያልቅ አጠለቅንላት። ልክክ አለ። ሲስተር ሰርክአዲስ ግን ትንሽ ቆይታ ጠርዙን በጣቷ ገለጥ አደረገችው፤ የሕፃኗ ግንባር ላይ ቀይ መስመር ታትሟል።

«እማማ፣ ይሄ አይለጠጥም። ጭንቅላቷን ይጫናታል። ላላ ያለ ይሥሩላት።»

ኤደን ኮፍያውን ተቀብላ አገላበጠችው። በጥፍሯ ዐይኖቹን ልትከፍት ሞከረች፤ አልተከፈቱላትም።

«እማዬ፣ ይሄ ነገ አይገባትም።»

«የዛሬውን ልኳን ነው የያዝኩት።»

«አውቃለሁ። አንቺ ነገ እንደማትኖር ቆርጠሽ ነው የሠራሽው።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ኮፍያውን ከእጇ ወስጄ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩና መተርተር ጀመርኩ። ክሩ ሹሩባው እንደተፈታ ፀጉር ተጠማዝዞ ጭኔ ላይ ተከመረ። ኤደን እያየችኝ ነበር። ከቦርሳዬ አውጥቼ የአመተ ሥላሴን ወረቀት ፈታሁ።

ቢጫው ቶሎ አደገ። በወፍራም ኪሮሽ ሥራ ይሮጣል፤ አንዱ ዐይን የነጩን ሦስት ያህላል። ኤደን «ጨምሪ» አለች። ጨመርኩ። «አሁንም ጨምሪ፣ ለክርስትናዋም እንዲሆናት» አለች። እየፈራሁ ጨመርኩ። እያንዳንዱ ዙር ሰው ሳይጠራኝ የምገባበት ቤት መሰለኝ። ሲያልቅ የእኔ ጡጫ ገብቶበት ይተርፍ ነበር።

ስናጠልቅላት አፍንጫዋ ድረስ ወረደ። ኤደን ሳቀች። ከወለደች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። «ወይዘሮ ቆብ!» አለቻት፣ ጠርዙንም ሁለቴ አጠፈችላት። «እያደግሽ ስትመጪ እንዘረጋዋለን፣ እሺ?» እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈገግታዬን ፈራሁት።

በማግስቱ ጠዋት ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ኦክስጅን ተደረገላት። ሲስተር ሰርክአዲስ የምትችለውን ሁሉ አደረገች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ቄስ ካለዎት ይጥሩ» አለችኝ። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ኪዳን ሰማንያውን ሳይጠብቁ እዚያው አልጋው ላይ አጠመቋት። ወለተ ሥላሴ አሏት። እኩለ ቀን ሳይደርስ በእናቷ ደረት ላይ ሞተች። ከመጀመሪያው አውቄው ነበር። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም።

ቤት ወስደን አጠብናት። በነጭ ጨርቅ ስንጠቀልላት ኤደን ቢጫውን ኮፍያ አምጥታ አጠለቀችላት። ጠርዙ ቢታጠፍም አልያዘም፤ እየተንሸራተተ ፊቷን እስከ አገጯ ሸፈነው። ኤደን መለሰችው። እንደገና ወረደ። ሦስተኛ አልሞከረችም። አውልቃ ጡቶቿ መሃል ሸጎጠችው።

«እማዬ፣ ነጩስ?»

«ተረተርኩት እኮ፣ ልጄ።»

«መልሰሽ ሥሪላት። ባዶ ራሷን አትሄድም።»

በር ላይ የቆሙትን አባ ገብረ ኪዳንን ቀና ብዬ አየኋቸው። «አባቴ፣ ትንሽ ይጠብቁናል?» አልኳቸው።

«ሥሪ ልጄ፣ እንጠብቃለን» አሉኝ።

የተጠማዘዘውን ክር አወጣሁ። ልኩን መለካት አላስፈለገኝም፣ እጄ ያውቀዋል። ሁለቱን ኪሮሾች ጭኔ ላይ አስቀምጬ አየኋቸው። ቀጭኑን ክር በወፍራሙ ኪሮሽ ብሠራው ወንፊት እንደሚሆን፣ ብርድ እንደሚያስገባ ገብቶኛል። ቢሆንም በወፍራሙ ጀመርኩ፣ እንዳይጠብባት።