ስምንቱም በአንድ ፋይል

የአባቴ ባንድ ጥርባ ይባላል። እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ረጅም የጊታር ሙዚቃ ጀምረው አልጨርስ አሉ። ሚዜዎቹ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀሉባቸው፤ እነሱም ተኮራርፈው ተበተኑ። ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ዝም። ጊታር መቺው አባቴ ሬዲዮ ሲጠግን፣ ዘፋኙ ምንይችል ጫግኒ ወርዶ እህል ሲነግድ ኖሩ። በ2006 ዓ.ም. ፀጉራቸው ሳስቶ ሆዳቸው ወጥቶ ስምንት ዘፈን ይዘው ተመለሱ።

ልጁ ነኝ ብዬ አልዋሽም። አንደኛውና ስምንተኛው ያስጨፍራሉ። አራቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ላይ ምንይችል ድምፁ የማይደርስበት ቦታ ሲንጠራራ፣ ቆጥ ላይ ያለች ዶሮ ያማረችው ድመት ነው የሚመስለው። ሰባተኛው ደግሞ ያ ሰርግ ላይ የተነቀለው ነው፤ አሁን የአዊኛ ግጥም ገብቶበት አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗል።

አባቴ ሲዲውን ሲሰጠኝ ሰባተኛውን አንድ ሰው እንኳ እስከ መጨረሻው ካልሰማለት ጊታሩን ዳግም እንደማይነካ ነገረኝ። ሲቀልድ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን አልቀለደም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ዳንግላ ጋሽ ደርበው ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። እዚህ አልበም የሚባል ነገር የለም። ሰው ሚሞሪውን ይሰጥሻል፣ ከእያንዳንዱ ዘፈን ትንሽ ይሰማል፣ «እለፊው» ይልሻል። ጋሽ ደርበውም የሚያስጨፍሩትን ሁለቱን ጭነሽ የቀረውን አጥፊ አሉኝ። እሺ አልኩና ስምንቱንም በኮምፒውተር አያይዤ አንድ ፋይል አደረግኳቸው። መጀመሪያው ያስጨፍራል፣ መጨረሻው ያስጨፍራል፣ መሀሉን ማለፍ የለም። ወደፊት ማሮጥ ይቻላል፤ ደንበኞቻችን ግን አብዛኞቹ ሾፌሮች ናቸው፤ እጁ መሪ ላይ ያለ ሰው አያሮጥም።

መጫን በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ስሞታው መጣ። አንዱ ባለባጃጅ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ተሳፋሪ እንደወረደበት ነገረን። ጋሽ ደርበው ፊታቸው ጠቆረ።

«ወይ ትቆራርጪዋለሽ፣ ወይ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

አልቆርጥም አልኳቸው። ይህን ስንባባል አባቴ ገባ። የሚያግዘኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ መናኸሪያው ጋ ሰዎች ሲስቁ መስማቱን ነገረኝ።

«ፋንዬ፣ ሦስተኛውን እንኳ አውጪልኝ።»

«አላወጣም፣ አባዬ። አሥራ አራት ዓመት ቆይታችሁ የዘፈናችሁት ይህን ነው። መጥፎውም የእናንተ ነው፤ እንደዚያ ሰርግ ሚዜዎች አትሁኑብኝ።»

በዚህ መሀል የእንጅባራ ሚኒባስ ሾፌር ይኸነው ሚሞሪውን በሁለት ጣቱ ይዞ ገባ። ይህም ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እውነትም ሦስተኛው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ነበር አለ። ግን እንጅባራ ደርሶ ሰው ሲያወርድ ሰባተኛው እየተዘፈነ ነበር፤ መኪና ቀይረው ወደ አዘና የሚያልፉ አንዲት እናት አልወርድም አሉት።

«በቋንቋዬ ነው፣ ይጨርስ አሉኝ» አለ ይኸነው። «ሞተር አጥፍቼ ጠበቅኋቸው። ሌላውም ቁጭ አለ።»

«እስከ መጨረሻው?» አለ አባቴ።

«እስከ መጨረሻው። ጓደኛዬም ይፈልገዋል፣ በዚህም ላይ ጫኚው» ብሎ ሌላ ሚሞሪ አወጣ። «ሦስተኛው ግን ባይኖርስ?»

አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«ይኖራል» አለው።

ጋሽ ደርበው ይህን ሲሰሙ «በቃ፣ ቤትሽ ግቢ» ብለው ወንበሬን ከሥሬ ሳቡት። ቆሜ ስምንቱንም ጫንኩ።