እንቅልፍ የጣላት ልጅ

ጠራዥዋ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተገነጠለ መጽሐፍ ስትሰፋና ስታጣብቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከርዕሱ አልፋ ያነበበችው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ባልደረቦቿ፣ የመጽሐፍ ወጌሻ ነሽ፣ አጥንቱን እንጂ ሆዱን አታውቂውም እያሉ ይቀልዱባታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከወጣቶች ክፍል ጀርባው የተላቀቀ ልብ ወለድ መጣላት። የረገፉትን ገጾች በየተራቸው ስትደረድር ዓይኗ አንድ አንቀጽ ላይ አረፈ። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የታመመ ወንድሟን እንድትጠብቅ ታዝዛ፣ አልጋው ሥር እንቅልፍ ይጥላታል። ስትነቃ የልጁ እጅ ቀዝቅዟል።

ጠራዥዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሙጫው ብሩሹ ላይ ደረቀ።

እሷም ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ትንሽ እህቷን ትኩሳት ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው። እናቷ፣ ከላይዋ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ ብላ መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። ጠራዥዋ ግድግዳ ተደግፋ አሸለበች፤ ስትነቃ ሁሉም አልቋል። ስለዚያ እንቅልፍ ለባሏ እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አሁን የማታውቀው ሰው ጓዳዋ ገብቶ የጻፈው መሰላት።

ኃላፊውን አስፈቅዳ መጽሐፉን እንደያዘች እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሰው ሲያነብላት ደስ ስለሚላት ምን እግር ጣለሽ ሳትል ወንበሯን አስጠጋች። ጠራዥዋ ከመጀመሪያው ገጽ አንስታ አነበበችላት። እንቅልፉ ጋ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች።

"እኔም ተኝቼ ነበር፣ እማዬ።"

"አውቃለሁ። ስመለስ ተኝተሽ ነው ያገኘሁሽ" አለች እናቷ። "ግን እህትሽ እኔ ስወጣ አርፋ ነበር። ልነግርሽ አቅም አጣሁ። መድኃኒት አልኩሽ እንጂ የሄድኩት አባትሽን ልጠራ ነው።"

ጠራዥዋ ሸክሙ ቀለል ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው። ተነስታ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም እንዳለች ስትጠይቃት፣ እናቷ፣ የረሳሽው መስሎኝ ነበር፣ ቁስልሽን መነካካት ፈራሁ አለቻት። ቀጥላ በዚያ ቤት ከቀብሩ ወዲህ ያልተጠራውን የሟች ልጇን ስም ቀስ ብላ ጠራች። ያን ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ።

ሲበቃቸው እናቷ መጽሐፉን በጣቷ ዳሰሰች።

"ይቺን ልጅስ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ማን ይነግራታል?"

ጠራዥዋ ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠችና ካቆመችበት ማንበቧን ቀጠለች።