ጊትልን ለሰንበት ማን ያስጠጋት?

የክረምት ዓርብ ጠላቴ ነው። አይሁድ ሰፈራችን ስታምፎርድ ሂል ላይ ፀሐይዋ ብቅ ሳትል ትሸሻለች፤ የሰንበት ሻማ ከተለኮሰ በኋላ ደግሞ ስልክ አይነሳ፣ መኪና አይነዳ። ሥራዬ ወላጅ ሊያሳድጋቸው ላልቻለ ልጆች የአይሁድ ቤት መፈለግ ነው። ያን ዕለት የስድስት ዓመቷ ጊትል ቢሮዬ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። እናቷ ሆስፒታል ገብታለች፤ አባት የለም።

ከመንግሥት የመጣችው ካረን፣ "ፍሩመት፣ ሰንበት ሳይገባ ቤት ካላገኘሽላት ሌላ ከተማ ጥሩ ቤተሰብ አለኝ" አለችኝ። ጥሩ አይደሉም ማን አለ? ግን አይሁድ አይደሉም። ጊትል ሳትባርክ ውሃ እንኳ አትጠጣም። እዚያ ማን አብሯት ይጸልያል?

ስልኬን አንስቼ የማውቃቸው እናቶች ጋ መደወል ጀመርኩ።

"ውይ ፍሩመት! ልጄ ለጋብቻ እየታየች እኮ ነው። የእናትየዋ በሽታ የአእምሮ ነው ይባላል፤ ስማችን አብሮ ቢነሳስ?"

ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ያው። የኛ ሰፈር አማቾች የሙሽራዋን ቤት ምድጃ ሳይቀር ይፈትሻሉ።

"አታፍሪም?" ብዬ የመጨረሻዋ ላይ ጮህኩባት።

"አንቺስ? ያንቺ ቤት አልጋ የለውም?"

እውነቷን ነው። አልጋም ልጅ የማሳደር ፈቃድም አለኝ። ልጄ ዚስልም አለችኝ፤ ነገ ከምሳ በኋላ ለጋብቻ የታሰበላት ልጅ እናት ልታያት ትመጣለች። ሁለት ጊዜ ሊሆን ሲል የፈረሰባት ልጅ ናት። ጉዴ ፈላ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ የለ፣ ቁስሉ የራሴ ሆኖ አረፈው።

ምን ላድርግ? ጊትልን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ገና ከመግባታችን ስልኩ ጮኸ፤ የጋብቻ አገናኟ ብሉመ ናት። ድምፅዋ ወጥ ቤቱን ሞላው።

"ከመኪናሽ ያወረድሻት ልጅ ማን ናት? ወሬው ደርሶኛል። በቃ፣ የእህቴ ልጅ ናት በይ! ለአንድ ሰንበት ምን አለበት?"

ዚስል የሰንበቱን ዳቦ በጨርቅ እየሸፈነች ዓይኗን ተከለችብኝ። "እማዬ፣ እባክሽ" አለች ቀስ ብላ።

ጊትል ቀሚሴን ሳብ አደረገች። "እሺ፣ አክስቴ እልዎታለሁ። ስለ እናቴም ሲጠይቁኝ ጉንፋን ይዟታል ነው የምለው። ተሳስቼ አላውቅም።"

ውሸቱን አጥንታዋለች። በስድስት ዓመቷ!

"ብሉመ፣ የእህቴ ልጅ አይደለችም። ጊትል ናት፤ እኛው ጋ ነው የምትኖረው። ሂጂና ንገሪያቸው" ብዬ ዘጋሁት።

ዚስል ጨርቁን ጥላ ወደ ላይ ወጣች፤ በሩ ተላተመ። እንዳልከተላት ሰዓቱ ደርሷል። ሻማዬን ለኩሼ፣ ዓይኔን ሸፍኜ ባረኩ። ስገልጥ ጊትል ወደ ጣሪያው አንጋጣለች። የዚስል ለቅሶ ከላይ ይሰማል።

"በእኔ ነው የምታለቅሰው?"

"አይደለም" አልኳት። በውሸት ያን ሁሉ ተቆጥቼ፣ ሻማው ፊት ቆሜ ዋሸኋት።