ሐይቁ ያልቀመሰው ዕቃ

ቦጊ ስልኩን ከራሱ በላይ አነሳና የሱቁ ሲሚንቶ ላይ ፈጠፈጠው።

ስልኩ ነጠረ፤ በጎኑ ተንከባለለና የመረብ ጥቅሎቹ ሥር ገብቶ ቆመ። ባለሱቋ ዴልፊን ክንዷን አጣምራ ከባንኮኒው ኋላ እንደቆመች ነች፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። እዚያው ዊኒፔግ ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች ልጅ ስለሆነች የእነ ቦጊን ቤት ወግ ታውቀዋለች። አባቱም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቦቲ ጫማ ሲገዙ መጀመሪያ በመጥረቢያ ጀርባ ይደበድቡት ነበር።

«ጨረሱ፣ ጋሼ ቦጊ? ወይስ መዶሻ ላቀብልዎት?»

«መዶሻው ለኋላ ይቆየን።» ቦጊ አጎነበሰና በግራ እጁ አነሳው። ገለባበጠው፣ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። «መስታወቱ ደህና ነው። ወፍራም ነው፣ አስቀያሚ ነው። ወንድ ልጅ ማለት እንዲህ ነው።»

«ውሃ ውስጥ ቢወድቅ አይሞትም። በጓንት ቢነኩት ይሰማል። ጎኑ ላይ ያለችውን ትልቅ ቁልፍ ከተጫኑ ሳያዩትም ይደውላል።»

«ብርድስ?»

«ይችላል ብለዋል።»

«እነማን?»

«የሠሩት ናቸዋ!»

«የሠሩት ሙቅ አገር ተቀምጠው ነው የሠሩት። እነሱ ብርድ የሚሉት እኛ ካፖርት የምናወልቅበትን ነው።»

ዴልፊን ሳቀች። ቶራ ግን በሩ አጠገብ ቆማ የማትገዛውን ጓንት ታገላብጣለች። የቦጊ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ሁለቱም ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ፣ በአንድ ቤት አርጅተው፣ ሐይቁ ሲጋገር በረዶውን እየበሱ መረብ ዘርግተው ዓሣ እያወጡ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከቤት ከወጡ ጀምሮ ወንድሟን ፊት ለፊት አላየችውም። ባየችው ቁጥር ዓይኗ የሚሄደው ወደ ቀኝ እጁ ነው። ከዚያ እጅ የቀሩት አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ናቸው። በመካከላቸው ምንም የለም።

«ለእርስዎ ነው ለእማማ ቶራ?» አለች ዴልፊን።

«ለሷ እንጂ! የኔማ ደህና ነው። የሞተው የሷ ነው።»

«ኧረ እሱንስ አገር ያውቀዋል! ትናንት ጎረቤቴ መኪናው አልነሳ ቢለው፣ ‹እንደ ቶራ ስልክ ሞታ ቀረች› እያለ ሲራገም ነበር። እማማ ቶራ፣ ተረት ሆነው ቀሩ እኮ!»

«ተረት የሆነው ስልኩ ነው» አለ ቦጊ ቶሎ ብሎ። «እሷን ተዪያት።»

ቶራ ጓንቱን መልሳ ሰቀለችው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲያነሳባት ጋሻ የሚሆናት እሱ ነው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«ግን ጋሼ ቦጊ፣ አይቆጡኝና» አለች ዴልፊን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የዚያን ዕለት እጅዎ ደርቆ እንዴት ነው የደወሉት?»

«በአፍንጫዬ።»

«ይቀልዳሉ!»

«እውነቴን ነው። ጣት እንቢ ሲል አፍንጫ ይሠራል። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና እንዲህ።» ቦጊ አዲሱን ስልክ ባንኮኒው ላይ አጋድሞ ጎንበስ አለና መስታወቱን በአፍንጫው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ይመስል ነበር። ዴልፊን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቦጊም አብሯት ሳቀ።

ይህን ቶራ አታውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ በአንድ ገበታ ሲቀመጡ ስለዚያ ዕለት አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አሁን አየችው፤ በረዶ ላይ ተንበርክኮ፣ እንደሚሳለም ሰው ተደፍቶ፣ ስሟን በአፍንጫው ሲፈልግ።

«በሉ ውሰዱትና ለሐይቁ አስቀምሱት» አለች ዴልፊን ዓይኗን እየጠረገች። «ለሙከራ ቁጥር አስገብቼለታለሁ። ከሞተ መልሱት።»

የአባታቸው ሕግ ነበር፤ ሐይቁ ያልቀመሰው ዕቃ አይገዛም። ጓንት ይሁን፣ ቢላዋ ይሁን፣ መጀመሪያ በረዶው ላይ ከዓሣው ጋር ተጋድሞ ይውላል። ሐይቁ ካልተፋው ወደ ቤት ይገባል።

ቦጊ አዲሱን ስልክ ኪሱ ከተተና ከሌላኛው ኪሱ አንድ ሌላ ስልክ አወጣ። ቀጭን ነው፤ ጥግ ጥጉ ተልጧል። ቶራ ስታየው አወቀችው፤ የሷው ነው።

«ከመሳቢያሽ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አላት። «ሲያድር ምድጃው አጠገብ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ። ጎን ለጎን ይጋደሙ። የሞተው ሳይኖር የዳነው ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ቆሻሻ ምን ያደርግልሃል» አለች ቶራ።

«ለወጉ ያህል፣ እታለም።»

«ምን ያለበት ዝላይ አይችልም» ይባላል። ቶራ ያንን ዓመት ሙሉ አልዘለለችም። ወደ መንደሩ አዳራሽ አትሄድም፤ ጭፈራም ልቅሶም ትታለች፤ የምታነሳው የቤቱን ስልክ ብቻ ነው። ሰው ሐዘኗ በወንድሟ ጣት ነው ብሎ አከበራት። ክብሩ እንደ እሾህ ወጋት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው የበረዶ ወራት መጨረሻ ላይ፣ ቦጊ ቁርስ እየበላ ቀና ሳይል፣ «እታለም፣ ከእንግዲህ አንቺ ከዳር ብትቀሪስ? እጅሽ ከብዷል። አንድ ጉልበተኛ ልጅ እቀጥራለሁ» አላት። ጉልበተኛ ልጅ! ዕድሜዋን ሙሉ በረዶ ስትፈነቅል ለኖረች ሴት! አፏን ዘጋችና ብቻውን ሰደደችው። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ኋላ ለሰው እንዳወራችው መረብ ማስቀመጫው ጎጆ ውስጥ አልነበረችም፤ ስልኩም በብርድ አልሞተም። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ በምድጃው ሙቀት፣ ከጋገረችው የፕሪም ኬክ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ስሙን አየችው። «ጉልበተኛውን ልጅ ይጥራ!» አለችና ስልኩን በግንባሩ ደፋችው። እንደገና ጮኸ። ሊታረቅ ነው ብላ፣ «ገና ትንሽ ይብሰል» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ ኬክ እየቆረሰች ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ደስ አላት። ለሰው ቀርቶ ለራሷ መናገር ያቃታት ይህቺን ነው፤ ደስ ማለቷን።

ሊመሽ ሲል ሌላ ዓሣ አጥማጅ ቦጊን፣ በረዶ ላይ የሚነዳው ሞተሩ ስንጥቅ ውስጥ ሰጥሞበት፣ በእንብርክኩ ሲድህ አገኘው። ሐኪም ቤት ስትደርስ ማንም ሳይጠይቃት ውሸቱ ቀድሟት ከአፏ ወጣ። ቦጊ በተጠቀለለ እጁ ፀጉሯን ዳሰሰና፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ። ዕቃው ነው ርካሽ» አላት።

በረዶው ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ግን የምታሞቀው ነገር አልነበራትም። ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ አመድ ይመስላል። ቦጊ የበረዶ ሞተሩን አቆመ። ከዚያ ዕለት ወዲህ ሐይቁ ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ነው፤ መረቡን የዘረጉላቸው፣ ትናንትም ዓሣ ያወጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ጎንበስ አለና በመዳፉ ግግሩን መታ መታ አደረገው፤ የተኳረፈውን ፈረስ እንደሚዳብስ ሰው። ከዚያ ሁለቱን ስልኮች የዓሣ ሳጥኑ ውስጥ፣ ትናንት ከወጡትና እንደ እንጨት ከደረቁት ዓሦች መሐል አጋደማቸው፤ በረዶ አለበሳቸው።

«ደህና ተኙ» አላቸው።

መረቡ ከበረዶው በታች ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው ቀዳዳ ተዘርግቷል። አንዱ ሰው ከዚህ ገመዱን ሲለቅ ሌላው ከዚያ ማዶ ይስባል። ቦጊ ሞተሩን ከሳጥኑ አጠገብ ትቶ በእግሩ ወደ ማዶው ቀዳዳ ሄደ። እየራቀ ሲሄድ አነሰ፤ ቶራ ከሳጥኑ፣ ከተከፈተው ቀዳዳና ከገዛ ራሷ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ገመዱን በአንድ እጇ እየለቀቀች ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ነው። አሮጌው ስልክ ብርድ ይችል እንደሆነ አታውቅም። ከሞተ ውሸቷ እውነት ይሆናል። ከጮኸስ?

ቦጊ ጀርባውን ሰጥቶ ይስባል። ሦስት ጣት የሌለው እጅ ገመዱን እንዴት እንደሚይዝ አየች፤ በክርኑ ይጠመጥመዋል፣ በጥርሱ ይነክሰዋል። ጉልበተኛ ልጅ አልቀጠረም። ሐኪም ቤት ሳለ፣ «ከአንቺ ሌላ ማን ይሠራል ከኔ ጋር» ብሏታል።

ጓንቷን አወለቀች። በረዶውን በጣቷ ጫረችና አሮጌውን ስልክ አወጣችው። ቀዳዳው እግሯ ሥር ነው፤ ውሃው ጥቁር ነው፤ ፀጥ ብሏል። እጇን ትንሽ ብትዘረጋ፣ ጣቷን ትንሽ ብትከፍት አለቀ። «አዳለጠኝ» ትለዋለች። እሱም «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ በረዶው ነው የሚያዳልጠው» ይላታል። ይላታል! ይህን እንደሚላት ስታስብ ምራቋ መረራት። አፍንጫው ትዝ አላት። ስሟን በአፍንጫው ሲፈልግ።

እጇን መለሰች። ስልኩን ወደ ሳጥኑ ከተተችው። እንዲህ ስትሆን ግን ቅድስት አልሆነችም፤ ከላዩ ላይ በረዶ ጨመረችበት፣ አንድ እፍኝ፣ ሌላም እፍኝ፣ አምላክ ሆይ አንተው ግደለው እያለች።

መረቡ ወጥቶ ሲያልቅ ቦጊ ከማዶ ቀና አለ። ወገቡን ያዘና እጁን አውለበለበ። የራሱን ስልክ ከብብቱ አወጣ፤ ሐይቁ ላይ ስልክ የሚኖረው ብብት ውስጥ ነው፣ እንደ ጫጩት። ጎንበስ ብሎ በአፍንጫው ነካካው። ከሩቅ ሲያዩት የሚስም ይመስላል።

ሳጥኑ ውስጥ አዲሱ ስልክ ጮኸ። ጎርናና ድምፅ ነው፤ ዓሦቹን አንቀጠቀጣቸው።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ቦጊ። ድምፁ በንፋሱ ተቆራርሶ ደረሰ። «አላልኩሽም? አስቀያሚ አይሞትም!»

ቶራ እጇን አነሳች። መሳቅ ሞከረች።

«አሁን ደግሞ ለሟቹ እንደውልለት!»

እንደገና ጎንበስ አለ። ንፋሱ በረዶውን ጠረገ፤ አንድ ቦታ ከሥር ግግሩ ተሰነጠቀና እንደ ሩቅ መድፍ ጮኸ። ከዚያ ዝም።

ከዚያ ሳጥኑ ዘፈነ።

ቀጭን ዜማ ነው፤ የልጆች መጫወቻ የመሰለ፤ ያኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የዘፈነው ያው ዜማ። በበረዶ ታፍኖ እንኳ ጠርቶ ይሰማል። ቦጊ ቀና አለ። አልጮኸም። አልሳቀም። ስልኩን ፊቱ ላይ እንደያዘ ወደ እሷ ያያል። ዜማው አለቀና ቆመ።

ቶራ አልተነቃነቀችም።

ቦጊ እንደገና ጎንበስ አለ። ሳጥኑ እንደገና ዘፈነ። ምድጃው አጠገብ ሲሰካው ምን አይቶ ይሆን? አልጠየቀም። ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ አውቆት አድሮ ይሆናል፤ ምናልባት ዓመቱን ሙሉ። ዜማው ቆመ።

ለሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ ሲል ቶራ ሳጥኑ ላይ ተደፋች። በባዶ እጇ በረዶውን ቆፈረች፤ ዓሣ ገፋች፤ የዓሣ ክንፍ ጣቷን ሰነጠቃት። ስልኩ እጇ ላይ እየተርገፈገፈ መጣ። መስታወቱ ላይ የወንድሟ ስም በርቷል። ጣቷ አልታዘዝ አላት፤ ጎንበስ ብላ በአፍንጫዋ ነካችው።

«አቤት» አለች።

በጆሮዋ ንፋስ ብቻ ነፈሰ። ማዶ ቆሞ ታየዋለች፤ ስልኩን በሁለት ጣቱ ጉንጩ ላይ ለጥፎታል።

«ቶራ» አላት። እታለም አላላትም። ድምፁ ቁጣ የለውም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ስንጥቁ ጋ ነኝ። ሞተሩ ሰጠመብኝ። እጄን አላውቀውም። ነይ።»

ሞተሩ እሷው አጠገብ ቆሟል፤ የሚናገረው ያን ዕለት ያላነሳችለትን ጥሪ ነው። ብዙ ነገር አፏ ድረስ መጣ። ኬኩ መጣ፤ ጉልበተኛው ልጅ መጣ፤ ደስ ማለቷም መጣ። ከሁሉም አንዱ ቀድሞ አልወጣ አላት።

«መጣሁ» አለች።

አልዘጋችውም። እሱም አልዘጋውም። ጓንቷን ሳጥኑ ላይ ትታ፣ ስልኩን በባዶ እጇ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ በበረዶው ላይ መራመድ ጀመረች። ቦጊ ሊቀበላት አልተራመደም። በጆሮዋ የሚመጣው የሱ ትንፋሽ ነው፤ ይረዝማል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ጣቶቿ መጀመሪያ ተቃጠሉ፤ ኋላ የሌላ ሰው ሆኑ። መንገዱ ከጠበቀችው በላይ ረዘመባት።

እየቀረበችው ስትሄድ ከትንፋሹ ጀርባ ሌላ ድምፅ መስማት ጀመረች። በረዶ የሚረግጥ ቦቲ ጫማ ነው። ከእሱ ስልክ በኩል፣ ከእርምጃዋ ትንሽ ዘግይቶ፣ የገዛ ኮቴዋ ወደ እሱ ሲመጣ ትሰማዋለች።