አጥሩ ያላገደው

ሹፌሩ ተጠራጣሪ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህማ ብሶበት፣ ጥላው ሲከተለው እንኳ ገልመጥ ሳያደርገው አያልፍም። ጓሮው ውስጥ የተከላቸው የማሆጋኒ ዛፎች ደግሞ የዓይኑ ብሌን ናቸው። ቀጥ ብለው ካደጉ ጣውላ ይወጣቸዋል፤ ጫፋቸው ተበላሽቶ ቅርንጫፋም ከሆኑ ግን ማገዶ ናቸው፣ በቃ።

አንድ ጠዋት የሚስቱን ወንድም፣ አናጢውን፣ ዛፎቹ መሀል አገኘው። ቢላ ይዞ ለጋ ጫፋቸውን ይቆርጣል! ደሙ ፈላ።

“ጋሼ፣ ትል የገባበትን እኮ ነው። የእሳት እራት እንቁላሏን ትጥልና…”

“ዝም በል! ትሉስ አንተ ነህ! የኔ ሲያድግ ቅናት አንገበገበህ!”

አናጢው ፊቱ ጠቆረ። ቢላውን አጥፎ ወጣ።

ሚስቲቱ “እስቲ ጨርሶ ይናገር፣ ወንድሜ እኮ ነው” ብትል ማን ሰምቷት! ሹፌሩ እሾሃማ ሽቦ ዘረጋ፣ ውሻ አሰረ። ያም አልበቃው ብሎ የጓሮውን ቁልፍ ከሚስቱ ተቀበለ። “ሥጋ መቼም ወደ ሥጋው ያደላል” አላት። ከዚያ ወዲህ ራቱን ታቀርብለታለች እንጂ አብራው አትቀመጥም።

ዝናቡ ሲያባራ ዛፎቹ ከጫፋቸው መጠውለግ ጀመሩ። ሽቦው አልተነካም። ሹፌሩ መርዝ ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ውሻውን ጠረጠረ፣ ሥጋ ወርውረው አባብለውት ይሆናል ብሎ። በመጨረሻ በብስጭት አንዱን የጠወለገ ጫፍ ቀነጠሰው። ውስጡ ባዶ! ብናኙ ተራገፈና አንድ ወፍራም ትል መዳፉ ላይ ተንፈራገጠ።

ቀና አለ። ያኔ አናጢው የቆረጣቸው አዲስ ጫፍ አውጥተው ቀጥ ብለዋል። የጠወለጉት እሱ በውሻ ያስጠበቃቸው ናቸው። ወይ ጉድ! በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ወደ አናጢው ወርክሾፕ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። “አጥፍቻለሁ። ና፣ እንሂድ” አለው።

አናጢው መላጊያውን አላቆመም። “ቢላው ያውና። ትሉ ከበሳው ቀዳዳ ዝቅ አድርገህ ቁረጥ፣ የቆረጥከውን አቃጥለው። እኔ ግን ግቢህን አልረግጥም፣ ጋሼ።”

ሹፌሩ ቢላውን ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ በር ላይ ቆማለች፤ የምታየው ግን እሱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን መንገድ ነው።

“ብቻህን ነህ?” አለችው።

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። እጇን አላነሳችም።